ለግዙፉ ኤሊ የሌሊት ሳጥን

ግንቦት ማብቂያ፣ አራት ኪሎ

ክረምቱ ሊገባ ጥቂት ሳምንት ነው የቀረው። ከአዘዋዋሪ እጅ ለወጣ ግዙፍ ኤሊ ማደሪያ የሚሠራ ሰው መሠረቱን ማውጣት ያለበት አሁን ነው። ሐምሌ ላይ የፈሰሰ ወለል በቶሎ አይደርቅም፤ እርጥብ ወለል ላይ ያደረ ኤሊ ደግሞ መስከረምን ሳያይ ሳንባው ይታመማል። ይህን የምጽፈው ቤቱ ከየት መጀመር እንዳለበት ለራሴም ጥርት እንዲልልኝ ነው።

ግዙፍ ኤሊ ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው የሲሸልሱ የአልዳብራ ኤሊ ነው፤ ወንዱ እስከ 250 ኪሎ ይመዝናል። እኛ ከተማ ውስጥ አንድ ግቢ ሊገጥመው የሚችለው ግን ሱልካታ ነው። ከሞሪታኒያና ሴኔጋል ጀምሮ በሳህል በኩል እስከ ሱዳን፣ ኤርትራና የእኛው ደረቅ ቆላ ድረስ ይኖራል። ከአልዳብራና ከጋላፓጎስ ኤሊዎች ቀጥሎ በዓለም ሦስተኛው ትልቅ ኤሊ ነው፤ በአህጉር ምድር ከሚኖሩት ግን የሚበልጠው የለም። አዋቂው 40 እና 50 ኪሎ ይደርሳል፤ 100 የሚያልፍ ወንድም አለ። አገሩ ሞቃት ስለሆነ እንደ አውሮፓ ኤሊዎች ክረምቱን ተኝቶ አያሳልፍም። ዓመቱን ሙሉ ይበላል፣ ይሄዳል፣ ሙቀት ይፈልጋል።

ብዙ ሰው ቤቱን ከግቢው ይጀምራል፤ አጥሩ ይታጠራል፣ ሣሩ ይተከላል፣ ማደሪያው መጨረሻ ላይ ከተረፈ ቆርቆሮ ይገጣጠማል። ለአዋሽ ሜዳ ቢሆን አያስከፋም። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ በሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ቀኑ ራሱ ከ20 ብዙም አያልፍም፣ ዝናቡም አያባራም። ኤሊ ሰውነቱን ከውስጥ አያሞቅም። በቀዘቀዘ ሆድ ውስጥ ምግብ አይፈጭም፣ የበሽታ መከላከያውም ይደክማል። አፍንጫው መዝረክረክ፣ አፉን ከፍቶ መተንፈስ፣ አንገቱን አንጋጦ መቅረት ይከተላል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚሠራው ማታ የሚገባበት ነው። ግቢው ትንሽ ቆይቶ ቢደርስም አይጎዳም።

ማደሪያ ሲባል ክፍሉን በሙሉ ማሞቅ ማለት አይደለም። 3 ሜትር በ2 ሜትር ተኩል የሆነ የብሎኬት ክፍል፣ ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው፣ ውጭው 7 ዲግሪ ሲሆን ውስጡን 25 ላይ ለማቆየት ወደ 2,000 ዋት ይበላል፤ ግማሽ ያህሉ በቆርቆሮው በኩል ይበናል። መፍትሔው በክፍሉ ውስጥ ሌላ ሳጥን መሥራት ነው። ብሎኬቱና ቆርቆሮው ዝናብን፣ ውሻንና ጅብን ይከላከላሉ፤ ሙቀቱን የሚይዘው ሳጥኑ ነው።

የሳጥኑን ልክ ከኮምፔንሳቶው ልክ መነሣት ብክነትን ያስቀራል። አንድ ሉህ 2.44 በ1.22 ሜትር ነው። አንዱ ሉህ ወለል፣ አንዱ ክዳን ይሆናል። ሌሎች ሁለት ሉሆች በቁመታቸው እያንዳንዳቸው ሦስት ቦታ ሲቆረጡ 1.22 በ0.81 የሆኑ ስድስት ቁርጥራጮች ይወጣሉ፤ አራቱ ለሁለቱ ረጃጅም ጎኖች፣ ሁለቱ ለአጫጭሮቹ። ለውስጥ አራት ሉህ፣ ለውጭ አራት ሉህ፣ በድምሩ ስምንት። የውስጡ ባለ 18 ሚሊ ይሁን፤ 50 ኪሎ የሚመዝን እንስሳ ጥግ ላይ ሲገፋ ቀጭኑን ይሰነጥቀዋል። ለውጩ 10 ሚሊ ይበቃል። በሁለቱ መካከል 5 በ5 የሆነ ሞራሌ ተመቶ ክፍተቱ ባለ 5 ሳንቲ ሜትር ነጭ ጠንካራ ፎም ይሞላል፤ መጋጠሚያው ሁሉ በሲልከን ይዘጋል። ፎሙ በምንም ምክንያት ተጋልጦ መቅረት የለበትም። ሱልካታ ተጋልጦ ያገኘውን ይነክሳል፣ የዋጠው ፎም ደግሞ አንጀቱን ይዘጋል። አይጥም ፎም ውስጥ መኖር ትወዳለች፤ የታችኛውን ጠርዝ በላሜራ ማልበስ ያስፈልጋል።

እንዲህ የተሠራ ሳጥን ጠቅላላ ገጹ 12 ካሬ ሜትር ያህል ነው። በ5 ሳንቲ ሜትር ፎም በኩል፣ በውስጥና በውጭ መካከል 20 ዲግሪ ልዩነት ሲኖር፣ የሚያልፈው ሙቀት 170 ዋት ገደማ ነው። በበሩና በአየር ማስገቢያው የሚወጣው ሲታከልበት 250 እንበል። 2,000 የሚጠይቀው ነገር በ250 ያልቃል፤ አሥራ አራት ሰዓት ቢሠራ 3.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። የመብራት ሒሳቡን መሸከም ያልቻለ ሰው ከጥቂት ወር በኋላ ማሞቂያውን ማጥፋት ይጀምራል፤ ለኤሊው አደገኛው ቀን ያ ነው። ፎም ላይ የወጣው ገንዘብ ይህን ይከላከላል።

ለማሞቂያ የምመርጠው ትንሽ የዘይት ሂተር ነው፤ ከሳጥኑ አንድ ጫፍ፣ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ይቀመጣል። ኤሊው ተደግፎት እንዳይተኛ ፍርግርጉ ወለሉ ላይ በብሎን መታሰር አለበት። ሂተሩ የራሱ መቆጣጠሪያ ቢኖረውም አይታመንም፤ ለብቻው ቴርሞስታት፣ ማለትም ሙቀቱን እየለካ ማሞቂያውን የሚያበራና የሚያጠፋ መሣሪያ፣ ይገጠምለት፣ በ27 ዲግሪ ይሞላ። የቴርሞስታቱ ጫፍ የሚታሰረው ከሂተሩ በተቃራኒው ጫፍ፣ ከወለሉ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ የኤሊው ትከሻ በሚደርስበት ላይ ነው። ክዳኑ ሥር ቢሰቀል ላይ የተከማቸውን ሙቅ አየር እየለካ ማሞቂያውን ያጠፋል፤ ኤሊው ግን ታች በ20 ዲግሪ ያድራል። ሁለተኛ ቴርሞስታት በ32 ዲግሪ የሚቆርጥ ሆኖ በተከታታይ ይግባ፤ የመጀመሪያው ተጣብቆ ቢቀር ሳጥኑ ምድጃ እንዳይሆን። ሽቦው በቱቦ ውስጥ ያልፋል፣ የመሬት ሽቦና የራሱ ብሬከር ይኖረዋል። ቀይ የሚሞቅ ክፍት ሂተርና ጭድ በአንድ ሳጥን ውስጥ አይታሰቡም።

መብራት ሲጠፋስ? በዚህ ከተማ ይህን ሳያስብ የተሠራ ማደሪያ ግማሽ ማደሪያ ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በ60 ዲግሪ ውሃ ሞልቶ ከሂተሩ ጎን፣ ከፍርግርጉ ጀርባ ማስቀመጥ ነው። ውሃው ወደ 30 እስኪወርድ 0.7 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ይለቃል፤ ለዚህ ሳጥን ሦስት ሰዓት ገደማ ማለት ነው። ሁለት ጀሪካን የሌሊቱን እኩሌታ ያሻግራል። የፈላ ውሃ ግን አይሞላበትም፤ ጀሪካኑ ይለሰልሳል፣ ክዳኑም ይለቃል። በከሰል ማሞቅ የሚባለው ነገር ጨርሶ ይቅር፤ ጭሱ በተዘጋ ሳጥን ውስጥ ኤሊውንም ከፍቶ የሚገባውንም ሰው ይገድላል። ኤሊው ከመግባቱ በፊት ሳጥኑን ባዶውን አንድ ሌሊት አሙቆ፣ ማታ ላይ መብራቱን ቆርጦ በስንት ሰዓት ስንት ዲግሪ እንደወረደ መመዝገብ ያስፈልጋል። ያ ቁጥር ግድግዳው ላይ ይጻፍ፤ ሌሊት የሚጠብቀው ሰው መቼ ጀሪካን እንደሚያስገባ ያውቅበታል።

የሳጥኑ በር 70 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 50 ቁመት ይበቃዋል። የተደራረበ ወፍራም ላስቲክ ይንጠልጠልበት፤ የመኪና ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ በቁራጭ ተቆርጦ ጥሩ ይሠራል። አየር ማስገቢያው 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቀዳዳዎች ናቸው፤ አንዱ ታች፣ አንዱ በተቃራኒው ላይ፣ ሁለቱም በብረት ወንፊት የተሸፈኑ። ሙቀት እንዳይወጣ ብሎ እነሱን መድፈን ሽንቱንና ትንፋሹን ውስጥ ያስቀራል፤ ሻጋታ ይከተላል።

ሳጥኑ የሚቀመጥበት የክፍሉ ወለል ከግቢው 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ ድንጋይ፣ ጠጠር፣ ላዩ ላይ ወፍራም ፕላስቲክ፣ ከዚያ 10 ሳንቲ ሜትር ኮንክሪት። ዘንበል ማለቱ በአንድ ሜትር 2 ሳንቲ ሜትር፣ ወደ ክፍሉ በር። ሊሾው መለስለስ የለበትም። በለሰለሰ ወለል ላይ ከባድ ኤሊ እግሩ ይከፈትበታል፣ መገጣጠሚያው ይጎዳል፤ ከመድረቁ በፊት በመጥረጊያ መፋቅ ይበቃል። መወጣጫው በ1 ሜትር ርዝመት ከ20 ሳንቲ ሜትር በላይ አይነሣ።

መኝታው ደረቅ የሣር ድርቆሽ ወይም የጤፍ ጭድ ነው፤ የረጠበው በየቀኑ ይነሣል። ሰጋቱራ አልመክርም፤ ደቃቁ ዓይንና አፍንጫ ውስጥ ይገባል፣ ከምግብ ጋርም ይዋጣል። የጽድና የባሕር ዛፍ ፍቃፊ ደግሞ ለእኛ ደስ የሚለን ሽታቸው በተዘጋ ቦታ የኤሊውን መተንፈሻ ያስቆጣል።

ቀን ላይ ፀሐይ ያስፈልገዋል፤ ይህን አዲስ አበባ በነጻ ትሰጣለች። በ9 ዲግሪ ኬክሮስና በዚህ ከፍታ የአልትራቫዮሌት ጨረሩ ብርቱ ነው፤ ያለ እሱ ቪታሚን ዲ አይሠራም፣ ካልሲየም አጥንትና ቅርፊት ውስጥ አይገባም። የክፍሉ በር ወደ ምሥራቅ ይዙር፤ በክረምት ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚመጣ የምትገኘው ፀሐይ የጠዋቷ ናት። በግልጽ የፕላስቲክ ቆርቆሮ ወይም በመስታወት በኩል የሚገባ ብርሃን ቢያሞቅም የሚፈለገውን ጨረር ብዙውን ያስቀረዋል። ተከታታይ ደመና ላለበት ጊዜ በክፍሉ ውስጥ፣ ከሳጥኑ ውጭ፣ ይህንኑ ጨረር የሚሰጥ የዩቪቢ ቱቦ መብራት ከኤሊው ጀርባ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይሰቀል፤ በየዓመቱ ይቀየር፣ ብርሃኑ ሳይጠፋ ጨረሩ ያልቃልና። የማሞቂያ አምፖል ከተጨመረ አንድ ኃይለኛ ሳይሆን ሦስት ወይም አራት ደካማ ተበትነው ይሁኑ። አንዱ ኃይለኛ አምፖል የጀርባውን አናት ያቃጥላል፣ ሆዱ ግን እንደቀዘቀዘ ይቆያል።

ግቢውን በአጭሩ። ለአንድ አዋቂ ከ60 ካሬ ሜትር በታች ያለው ቦታ ውሎ ለማዋል እንጂ ለማኖር አይሆንም፤ በመሐል ከተማ ይህን ያህል ባዶ መሬት ያለው ጥቂት ነው፣ ከሌለ እንስሳውን አለመቀበል ነው ትክክሉ። አጥሩ ማዶውን የማያሳይ፣ 60 ሳንቲ ሜትር ከመሬት በላይ፣ 60 ደግሞ ወደ ውስጥ የተቀበረ ብሎኬት ይሁን። በወንፊት አጥር ማዶውን ሲያይ ቀኑን ሙሉ ሲገፋ ይውላል፣ እግሩና አፍንጫው ይላጣል። ሱልካታ ቆፋሪ ነው፤ በአገሩ ብዙ ሜትር ይወርዳል። እዚህ የሸክላ አፈሩ በክረምት ውሃ ይይዛል፣ ጉድጓዱ ይሞላል ወይም ይደረመሳል። ከዚያም በላይ መሐል ከተማ ውስጥ ግድግዳው የጎረቤትም ነው። ስለዚህ ከማንኛውም ግንብ ሥር 1 ሜትር ስፋት ያለው የድንጋይ ንጣፍ ይደርድር፣ መቆፈሪያ የሚሆነው ጣሪያ ያለው የአሸዋ ጥግ ለብቻው ይሰጠው።

ሰርዶና ማገጥ ቢተከሉለት ዋናው ምግቡ እዚያው ይበቅላል፤ የቀረውን ድርቆሽና የበለስ ቅጠል ይሞላዋል። ነጭ ወተት የሚያወጣው ትልቁ ቁልቋል ግን በአጥርነትም ቢሆን አይጠጋው፣ ወተቱ አፍና ዓይን ያቃጥላል። ፍራፍሬ፣ እንጀራና ዳቦ አይሰጥም። የመንገድ ዳር ሣርም አይታጨድለት።

ከእስር የወጣ ኤሊ ከሌላ ኤሊ ጋር ወዲያው አይቀላቀልም፤ ቢያንስ 90 ቀን ተለይቶ ይቆይ፣ በየሳምንቱ ይመዘን፣ ሰገራው ለጥገኛ ትል ይመርመር። በ10 ሳንቲ ሜትር ለብ ያለ ውሃ ግማሽ ሰዓት መዘፍዘፍ የደረቀውን ሰውነቱን ይመልሳል። የነኩት ሁሉ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ፤ ጤነኛ ኤሊም ሳልሞኔላ ይሸከማል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ሕጋዊ ፈቃድ ሲኖር ነው። የዱር እንስሳ በአዋጅ የተጠበቀ ነው፤ ማንም በደግነት ብቻ ቤቱ ሊያኖረው አይችልም። የተገኘው ኤሊ ለኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ይነገር፤ ሆለታ አቅራቢያ ያለው የእንስሳ ኮቴ ማዕከልም ለተረፉ የዱር እንስሳት የተሠራ ነው። መሐል ከተማ ያለው ግቢ ብዙውን ጊዜ መሸጋገሪያ ነው፤ እንደ መሸጋገሪያም ሆኖ በደንብ መሠራት አለበት።

ሳጥኑን በምስማር ሳይሆን በብሎንና ዳዶ እንዲታሰር የምወተውተውም ለዚህ ነው። ካዛንቺስና ፒያሳ ግቢዎች እንዴት እንደተቀየሩ ሁላችንም አይተናል፤ ተከራይም በማንኛውም ወር ሊለቅ ይችላል፤ ይህ እንስሳ ግን 70 ዓመትና ከዚያ በላይ ሊኖር ይችላል። ስድስቱ ገጾች ተፈትተው በአንድ አይሱዙ ይጫናሉ፤ ከባዱ ከ70 ኪሎ አያልፍም፣ ሁለት ሰው ያነሣዋል። እያንዳንዱ ገጽ በጀርባው ቁጥር ይጻፍበት፣ ብሎኖቹ በአንድ ከረጢት ይታሰሩ። አዲሱ ቦታ ላይ መጀመሪያ ሳጥኑ ይገጠም፣ ማሞቂያው ይለኮስ፣ ቴርሞሜትሩ 27 ሲያሳይ ኤሊው ከመኪናው ይውረድ።