አዲሱን የጋዝ ፈርነሴን ከአሮጌው የግንብ ጭስ ማውጫ ጋር እንዴት እንዳስማማሁት

መጀመሪያ ያየሁት ነጭ ዱቄት ነው። ጭስ ማውጫው በሚያልፍበት ግድግዳ ላይ፣ ጉልበቴ በሚደርስበት ከፍታ፣ ጡቡ ጨው የተነሰነሰበት መስሏል። በጣቴ ስነካው ረገፈ። በጡቦቹ መሃል ያለው ሞርታር ደግሞ እርጥብ ነበር፤ በጥፍሬ ጫር ሳደርገው እንደ አሸዋ ወረደ። ዝናብ ያስገባል ብዬ ጣሪያውን አስፈተሽኩ። ጣሪያው ደህና ነው። አሮጌው ፈርነስ፣ ማለትም ቤቱን የሚያሞቀው የጋዝ ማሞቂያ፣ ለዓመታት በዚሁ ጭስ ማውጫ ሲሠራ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። የተለወጠው ፈርነሱ ብቻ ነው፤ አዲሱ ከተገጠመ ገና ሁለተኛው የብርድ ወቅት ነበር።

ጋዝ ሲቃጠል ውሃ ይፈጥራል። ይሄን እኔም ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። 1 ሜትር ኩብ የተፈጥሮ ጋዝ ሲቃጠል 1.5 ሊትር ገደማ ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። የእኔ ፈርነስ 20 ኪሎዋት ነው፤ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ በሰዓት 2 ሜትር ኩብ አካባቢ ጋዝ ይበላል፤ ስለዚህ በየሰዓቱ ወደ 3 ሊትር የሚጠጋ ውሃ ወደዚያ ግንብ ይገባል ማለት ነው። ጭሱ ሙቀቱን እንደያዘ ከአናት ከወጣ ችግር የለም። ከ50 ዲግሪ በታች የቀዘቀዘ ግድግዳ ካገኘ ግን እንፋሎቱ ጤዛ ሆኖ ይወርዳል። ጤዛው አሲድነት አለው። ሞርታር ይበላል፣ ላሜራ ያዝጋል፣ በግንቡ ውስጥ ያለውን የሸክላ ቱቦ ቀስ በቀስ ያፈራርሳል። ያ ነጭ ዱቄት ውሃው በጡቡ ውስጥ ሲያልፍ አሟሙቶ ያወጣው ጨው ነው።

አሮጌው ፈርነስ ለምን እንዲህ አላደረገም? አባካኝ ስለነበር ነው። ብዙ ሙቀት በጭስ ማውጫው ይለቅ ነበር፤ በዚያ ላይ ከአናቱ በኩል የክፍሉን አየር እየሳበ ከጭሱ ጋር ስለሚቀላቅል ግንቡ ይሞቅም ይደርቅም ነበር። አዲሱ ብቃቱ 80 በመቶ ነው፤ ጭሱን የሚያንቀሳቅሰው በፋን ነው። ጭሱ ቀዝቀዝ ያለ ነው፣ የሚያደርቀው ተጨማሪ አየርም የለውም። የእኔ ጭስ ማውጫ ደግሞ ሦስቱ ጎኑ ከቤት ውጭ ስለሆነ ብርድ ይመታዋል። የገጠመው ሰው አሮጌውን ቱቦ ነቅሎ አዲሱን እዚያው ሰክቶ ሄደ፤ ግንቡን ውስጡን በባትሪ እንኳ አላየውም። እኔም አልጠየቅኩትም።

ያስደነገጠኝ ግን ግድግዳው አይደለም። ከፈርነሱ ጋር አንድ ጭስ ማውጫ የሚጋራ የጋዝ ውሃ ማሞቂያ አለኝ። ከአናቱ ላይ፣ ቱቦው ከሚጀምርበት ስር፣ ቆብ የመሰለ ክፍት ነገር አለው። ሥራ ከጀመረ ከአምስት ደቂቃ በኋላ የእጅ መስታወት ወደ ቆቡ ጠርዝ ጠጋ አደረግኩ፤ መስታወቱ ወዲያው በላብ ተሸፈነ። ጭሱ ወደ ላይ እየሄደ ሳይሆን ወደ ክፍሉ እየተመለሰ ነበር። ሁለቱንም አጠፋሁ፣ መስኮት ከፈትኩ፣ ያን ዕለት ሌሊት በብርድ ልብስ አደርን።

ምክንያቱም በጭሱ ውስጥ ሊኖር የሚችለው መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ቀለምም ሽታም የለውም። በደም ውስጥ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ስለሚጣበቅ ሰው ሳይታወቀው ይታፈናል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ሲጀምር ጉንፋን ነው ብሎ መተኛት ይመጣል፤ አደገኛው እሱ ነው። በማግስቱ መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር በየፎቁና በየመኝታ ክፍሉ ደጃፍ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚጠቁም አላርም መስቀል ነው። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው።

ፈቃድ ያለው የጋዝ ቴክኒሺያን ጠራሁ። በዕድሜ ገፋ ያሉ ናቸው። ግንቡን ነካ ነካ አድርገው፣ «ፈርነስህ ምንም አልሆነም ልጄ፤ ቤቱ ነው የሰፋበት» አሉኝ። አብረን ለካን። የሸክላው ቱቦ ውስጡ 28 በ28 ሴንቲሜትር ነው፤ 784 ሴንቲሜትር ካሬ ማለት ነው። የውሃ ማሞቂያው መውጫ 10 ሴንቲሜትር ክብ ነው፤ ስፋቱ 78 ሴንቲሜትር ካሬ ገደማ ነው። በአሜሪካው የጋዝ ደንብ፣ ኤንኤፍፒኤ 54 በሚባለው፣ ቆብ ላላቸው ማሞቂያዎች የጭስ ማውጫው ስፋት ከመውጫው ስፋት ሰባት እጥፍ መብለጥ የለበትም። የእኔ አሥር እጥፍ ነበር። በፋን ለሚሠራው ፈርነስ ደግሞ ይሄ ቀላል ስሌት ራሱ አይበቃም፤ ኃይሉን፣ የጭስ ማውጫውን ቁመትና የአግድሙን ቱቦ ርዝመት ይዞ ከሠንጠረዥ ማውጣት ያስፈልጋል።

ከታች ያለውን የማጽጃ በር ስንከፍት የተሰባበረ ሸክላ፣ የረገፈ ሞርታርና የወፍ ጎጆ ወጣ። አንድ ባልዲ ተኩል ሞላ። ከፈርነሱ የሚመጣው ቱቦ ደግሞ ግንቡን አልፎ 12 ሴንቲሜትር ወደ ውስጥ ዘልቆ ገብቷል፤ መንገዱን ግማሽ ለግማሽ ዘግቶታል ማለት ይቻላል። ጫፉ ከውስጠኛው ግድግዳ ጋር እኩል መሆን ነበረበት።

መፍትሔው በግንቡ ውስጥ ጠበብ ያለ ተጣጣፊ የስቴንለስ ስቲል ቱቦ ማውረድ ነው። ጠባብ ቱቦ ቶሎ ይሞቃል፤ ሲሞቅ ጭሱን ወደ ላይ ይስባል፤ ጤዛም አይዝም። ሸንተረር ያለው ቱቦ ከለስላሳው አቅሙ 20 በመቶ ተቀንሶ ነው የሚሰላው፤ ይሄን ስሌቱ ውስጥ ስናስገባ የቱቦው የአፍ ስፋት 15 ሴንቲሜትር ወጣልን። ጭስ ማውጫው ብርድ ስለሚመታው ቱቦውን ሙቀት በሚይዝ ሽፋን ጠቀለልነው። ወንድሜ ጣሪያ ላይ ሆኖ ቀስ እያለ ለቀቀው፣ እኔ ከታች በገመድ ሳብኩ። ሸክላው በተሰነጠቀበት ቦታ ሁለት ጊዜ ተያዘብን። አትጎትቱት፣ መልሱና አዙሩት ይሉን ነበር ቴክኒሺያኑ፤ በጉልበት ቢሆን ኖሮ ሽፋኑ ይቀደድ ነበር። አናቱን በላሜራ ክዳን ዘግተን የዝናብ ቆብ አደረግንበት።

ከታች ያለውን አግድም ቱቦ ሙሉ በሙሉ አዲስ አደረግነው። በየሜትሩ 2 ሴንቲሜትር ወደ ጭስ ማውጫው ከፍ እንዲል በውሃ ልክ እያየን፣ በየመጋጠሚያው ሦስት ብሎን። የውሃ ማሞቂያው ቱቦ ቀጭን ስለሆነ ከፈርነሱ በላይ እንዲገባ ተደረገ። የድሮው ነጠላ ላሜራ ከእንጨት አግዳሚው በ8 ሴንቲሜትር ርቀት ነበር የሚያልፈው፤ ነጠላ ላሜራ ከሚቀጣጠል ነገር 15 ሴንቲሜትር መራቅ አለበት። ስለዚህ ባለ ሁለት ግድግዳ ቱቦ አስገባን፤ እሱ 2.5 ሴንቲሜትር ይበቃዋል፣ ርቀቱ ቱቦው ላይ ተጽፎበታል። የጋዙን መስመርና የእሳቱን ማስተካከል እኔ አልነካሁም።

አልቋል ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ቴክኒሺያኑ ግን መስኮትና በር ሁሉ አዘጉኝ፣ የወጥ ቤቱን፣ የመታጠቢያ ቤቱን ፋንና የልብስ ማድረቂያውን አስበሩኝ። ከዚያ ውሃ ማሞቂያውን ለኩሰን አምስት ደቂቃ ጠብቀን፣ ክብሪት ጭረው አጥፍተው ጭሱን ወደ ቆቡ አስጠጉት። ጭሱ ወደ እኛ ተመለሰ! አዲሱ ቱቦ ተገጥሞም ማለት ነው። ፋኖቹ አየር ከቤት ሲያወጡ ምትኩ የሚገባው በጭስ ማውጫው ነበር። ማሞቂያዎቹ በቂ አየር እንዲያገኙ ለእያንዳንዱ ኪሎዋት 4.8 ሜትር ኩብ የክፍል ይዘት ያስፈልጋል፤ ሁለቱ አንድ ላይ 32 ኪሎዋት ናቸው፣ 154 ሜትር ኩብ ገደማ መሆን አለበት። የእኔ ክፍል 45 ነው። ወደ ሰፊው የጎን ክፍል ሁለት ቀዳዳ ከፈትን፣ አንዱ ከጣሪያው በ30 ሴንቲሜትር ውስጥ፣ ሌላው ከወለሉ በ30 ሴንቲሜትር ውስጥ፣ እያንዳንዱ ከ700 ሴንቲሜትር ካሬ በላይ። ፈተናውን ደገምነው። የክብሪቱ ጭስ ክር እንደሚሳብ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ገባ።

ፈርነስ ልትቀይሩ ያሰባችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ብቃቱ ከ90 በመቶ በላይ የሆነው ዓይነት ጭሱ በጣም ስለሚቀዘቅዝ በግንብ ጭስ ማውጫ ጨርሶ አይወጣም፤ የራሱ የፕላስቲክ ቱቦ አለው። ጥሩ ነገር ነው። ግን ያኔ ውሃ ማሞቂያው በሰፊው ግንብ ውስጥ ብቻውን ይቀራል፤ ብቻውን ደግሞ ያን ሁሉ ግንብ ማሞቅ አይችልም። ለእሱም ጠባብ ቱቦ አስወርዱለት።

ግድግዳው ለመድረቅ ወራት ፈጅቷል። ነጩን ዱቄት በደረቅ ብሩሽ አነሳሁት፤ እስካሁን አልተመለሰም። ብርድ ከመግባቱ በፊት በየዓመቱ የማጽጃውን በር እከፍታለሁ፣ መስታወቱንም ወደ ቆቡ አስጠጋለሁ። ከጣሪያ በላይ ያለው የጡቡ ሞርታር ገና አልተጠገነም፤ ዝናቡ ሲያቆም እሱን እይዛለሁ።