አንድ ዳገት፣ 8,848 ሜትር፦ እስካሁን የደረስኩበት

ኤቨረስቲንግ ልሞክር ነው። ላልሰማችሁ፦ አንድ ዳገት ትመርጡና እሱኑ በብስክሌት ስትወጡ ስትወርዱ ትውላላችሁ። የወጣችሁት ከፍታ ተደምሮ የኤቨረስትን ቁመት፣ 8,848 ሜትርን፣ ሲሞላ አበቃ። ቁልቁለቱ አይቆጠርም። ቆም ብሎ መብላት ይፈቀዳል፣ መሃል ላይ መተኛት ግን የለም። የማሰባስበው ገንዘብ ከትምህርት ወጥተው ሥራ ላላገኙ ወጣቶች የሙያ ሥልጠና ይሄዳል። ልምምዱ ደህና እየሄደ ስለሆነ እስካሁን የገባኝን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ ዳገቱ። ለስለስ ያለው የሚቀል ይመስላል። ሂሳቡ ግን ሌላ ነው። በአንድ ዙር 200 ሜትር ከፍታ የሚሰጥ ዳገት 45 ጊዜ መውጣት ይጠይቃል። ዳገቱ 8 በመቶ ከሆነ፣ ማለትም በየ100 ሜትሩ 8 ሜትር ከፍ ካለ፣ ደርሶ መልሱ 5 ኪሎ ሜትር ነው። በድምሩ 225። 4 በመቶ ከሆነ ግን መንገዱ እጥፍ ሆኖ 450 ኪሎ ሜትር ይገባል። በጣም ቀጥ ያለው ደግሞ ጉልበት ይጨርሳል። እኔ 8 በመቶ አካባቢ ያለውን ያዝኩ። ቁልቁለቱ ኩርባ የማይበዛበት፣ አስፋልቱም ያልተቆፈረ መሆን አለበት። ደክሞ፣ በጨለማ፣ ፍሬን እየያዙ መውረድ ዕረፍት አይባልም።

ማርሹን ቀየርኩ። ከፊት ትንሹ 34 ጥርስ፣ ከኋላ ትልቁም 34። ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ጎማውም አንዴ ይዞራል። ቀርፋፋ ነኝ፣ እግሬ ግን አይዝልም። የሚያሾፉብኝ ፈጣን ጓደኞች አሉ፤ ይሁን።

ሆድም እንደ እግር ይሠለጥናል። ለረጅም ጉዞ በሰዓት ከ60 እስከ 90 ግራም ካርቦሃይድሬት ይመከራል። ያልለመደ ሆድ 90ውን አይቀበልም። ከ60 ጀምሬ ቀስ በቀስ እየጨመርኩ ነው። ስለ መቀመጫ አንድ ነገር ብቻ ልበል፦ ስፖንጅ ያለው የብስክሌት ቁምጣ ከሥሩ የውስጥ ልብስ አይለበስም። ስፌቱ ነው የሚልጠው።

አሁን ወደ ከባዱ፦ ገንዘብ መጠየቅ። ዳገት አይታዘብም፣ ሰው ይታዘባል። ይሉኝታው አስሮኝ ነበር። የፈታኝ በዙር ቃል ማስገባት ነው። «የቻልከውን ስጥ» ሲባል ሰው «እሺ፣ አያለሁ» ይልና ይረሳዋል። «ለእያንዳንዱ ዙር ይህን ያህል» ያለ ሰው ግን ራሱ ደውሎ «ልምምዱ እንዴት ነው?» ይላል። ብቻ ጣሪያ ይኑረው፤ በ45 ሲባዛ የሚደነግጥ አለ። የጎማውም የምግቡም ወጪ ከኪሴ እንደሆነ አስቀድሜ እናገራለሁ። ገንዘቡ የት ይገባል የሚለው ጥያቄ ወዲያው ይቀንሳል።

ፎቶ ላይ ከአንዳንዶች ጋር አልተስማማንም። የሚያሳዝን ፊት ካላሳየህ ማንም እጁን አይዘረጋም አሉኝ። ላይዘረጋ ይችላል። እኔ ግን ሠልጣኞቹን ራሳቸውን ጠየቅኳቸው። ችግሩ እንዲወራለት የፈለገ አንድም አልነበረም። የመለማመጃ መሣሪያ እየተጠባበቅን ነው የምንሠራው፣ እሱን ንገርልን አሉኝ። መልእክቴን እንደዚያው ጻፍኩት፦ የሚገዛው ዕቃ ይህ፣ የሚሠራበት ሰው ደግሞ ሙያ እየተማረ ያለ ወጣት። ምላሹ ከጠበቅኩት በላይ ነው። ባይሆንም አላፍርበትም ነበር።

ቀጥሎ ግማሹን፣ 4,424 ሜትሩን፣ ሌሊት ጨምሬ እሞክራለሁ። መብራት ሁለት እይዛለሁ፣ አንዱ ቻርጅ ሲደረግ አንዱ ይሠራል። ሌሊት ላይ ሆድ ምን እንደሚቀበል የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ጣፋጭ ነገር ማየት ያስጠላኛል፤ ለጊዜው ጨው የተነሰነሰበት የተቀቀለ ድንች ላይ ነኝ።