አዲስ ፒስተን የሚበላው ሞተር

ሚኒሶታ ለከረመ አበሻ ዊንተር ማለት አካፋ ነው። በረዶ ትዝቃለህ፣ ጨው ትነሰንሳለህ፣ ጠዋት መኪናህ እንዲነሳልህ ትለማመናለህ። አገሬው ግን ይህንን ወቅት ዓመቱን ሙሉ ይጠብቀዋል። አንዱ ምክንያት ስኖውሞቢል ነው። ከፊት ሁለት ስኪ፣ ከኋላ የሚሽከረከር የጎማ ሰንሰለት ያለው፣ በረዶ ላይ የሚከንፍ ሞተር። በግዛቲቱ ከ20 ሺህ ማይል በላይ መንገድ ተዘጋጅቶለታል። ስኖውሞቢል ሠሪው ፖላሪስ የተመሠረተው በፈረንጆቹ 1954 እዚሁ፣ ካናዳ ድንበር አጠገብ ባለችው ሮዞ ነው። ሌላው ሠሪ አርክቲክ ካትም የተወለደው ከዚያ ብዙ ሳይርቅ ቲፍ ሪቨር ፎልስ ነው። እዚህ አገር ስለ ስኖውሞቢል አላውቅም ማለት አዲስ አበባ ተቀምጦ ስለ ሚኒባስ አላውቅም እንደማለት ነው።

እኔ ያደግኩት ተክለሃይማኖት አካባቢ ጋራዥ ውስጥ ነው። እዚህ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት እነዳለሁ። መካኒክነቴን የሚያውቁ ብዙ አይደሉም። ከሚያውቁት አንዱ አብረውኝ የሚሠሩ ሽማግሌ ናቸው። ጡረታ ወጥተው ቤት መቀመጥ ሰልችቷቸው የተመለሱ ሰው። ምሳ ሰዓት ላይ አጠገቤ ቁጭ አሉና ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ አሳዩኝ። ጎኑ የተላጠ ፒስተን፤ ሲሊንደር ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለሰው የሞተር ክፍል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስኖውሞቢላቸው የቆየ፣ ባለሁለት ሲሊንደር፣ ባለካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ) ቱ ስትሮክ ነው፤ ፒስተኑ አንዴ ወጥቶ አንዴ በወረደ ቁጥር እሳት የሚጭር ዓይነት። ባለፈው ዊንተር አንዱ ፒስተን ነክሶ ያዘ። ሰውዬው እጃቸው የተባረከ ነውና ራሳቸው ፈቱት። የሲሊንደሩን ክዳን፣ ቴስታታውን፣ አወረዱ፤ አዲስ ፒስተን ከነፋሻው (ዙሪያውን ከሚይዘው ቀለበት ጋር)፣ በመጋጠሚያው የሚገባ አዲስ ጓርኒሲዮን ገዝተው ገጠሙ። ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ፒስተኑ ሲወጣ የሚፈጥረውን ግፊት፣ ለኩ፤ ሁለቱም ሲሊንደር እኩል ጥሩ ነው። ዘንድሮ ሐይቁ ሲጠነክር ይዘውት ወጡ። ዓሣ ወደሚያጠምዱበት ዳስ ሳይደርሱ ሞተሩ ጭጭ አለ። የማስነሻውን ገመድ ቢስቡት አልነቃነቅ አለ።

ያማከሩት ሁሉ የየራሱን ይላል። አንዱ ፒስተኑ ርካሽ ስለሆነ ነው አለ። ሌላው ፋሻው በትክክል አልገባም አለ። የሚያውቁት አንድ ሻጭ ደግሞ «ለዚህ አሮጌ ገንዘብ አታፍስ፣ አዲስ ግዛ» አላቸው። መቼም ሻጭ ሌላ ምን ይላል?

ቅዳሜ ጋራዣቸው ሄድኩ። ባለቤቴ በር ላይ ሆና «አንተ ሰውዬ፣ ከጋራዥ ተገላገልኩ ብዬ ደስ ሲለኝ በበረዶ ተመለስክበት?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ግን የሰውዬው ጋራዥ ማሞቂያ አለው፤ ከቤታችን ይሞቃል።

ሞተሩን ከማየቴ በፊት ተክለሃይማኖት ያሠለጠኑኝን ጋሼን ደወልኩላቸው። በዊንተር የዘጠኝ ሰዓት ልዩነት ስላለን እዚያ አመሻሽ ነው። ጋሼ ዕድሜያቸውን ሙሉ የግብርና ባለሙያዎች ገጠር ለገጠር የሚነዷቸውን ያማሃዎች ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ቱ ስትሮክ ለሳቸው የእጅ መዳፍ ነው። ስኖውሞቢል በዓይናቸው አይተው አያውቁም፤ ምንነቱንም አልጠየቁኝም።

«አሮጌውን ፒስተን ጣሉት እንዴ?» አሉኝ።

«ኧረ የለም ጋሼ፣ መደርደሪያ ላይ አለ።»

«በል ልጄ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣቸው። በአንድ ወገን የተላጡ ከሆነ ፒስተን መግዛቱን ትታችሁ ሌላ ፈልጉ።»

አስቀመጥኳቸው። ሁለቱም ኤሌክትሪክ በሚያመነጨው በማግኔት በኩል ያለው ሲሊንደር ፒስተኖች ናቸው። ሁለቱም የተላጡት በአንድ ወገን፣ በጭስ መውጫው በኩል። አልሙኒየሙ ከላይ ወደ ታች ተፍቆ ፋሻው ላይ ተለጥፏል፤ ፋሻው ቦታው ላይ ተጣብቆ በጥፍር ብትገፋው አይነቃነቅም። የመግቢያው በኩል ግን ያብረቀርቃል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያፈሰው ይህንን ሳያይ ነው። የተላጠበት ቦታ ብዙ ይናገራል። ፒስተኑ ዙሪያውን ሁሉ ከተላጠ ዘይት አጥቷል ብለህ ጠርጥር። አራት ቦታ ላይ ተለያይቶ ከተቧጨረ ብዙውን ጊዜ ሞተሩ ሳይሞቅ ነው የተነዳው፤ ፒስተኑ ቶሎ ሞቆ ሲያብጥ ሲሊንደሩ ገና ቀዝቃዛ ነው። በጭስ መውጫው በኩል ብቻ ከሆነ ደግሞ ሙቀት ነው። ያ ወገን ድሮም የሚግለው ነው፤ ቤንዚን ሲያንስና አየር ሲበዛ መጀመሪያ የሚሸነፈውም እሱ ነው። እሳት የሚጭሩትን ካንዴላዎች አወጣሁ። የአንደኛው ጫፍ ቡናማ፣ የማግኔት በኩሉ ነጭ፣ አመድ የመሰለ።

«ከመያዙ በፊት ምን ሰሙ?» አልኳቸው።

ሽማግሌው አሰቡ። «ጋዙን ለቅቄው ሞተሩ አልወርድ ብሎ ትንሽ ጮኸ» አሉ።

ቤንዚን ያነሰው ሞተር እንዲህ ያደርጋል። ጉልበት የጨመረ ይመስልሃል፤ ደስ ይልሃል፤ ከዚያ ያልቃል።

እዚህ ላይ የአገሩ አየርም አለበት። እኛ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው ሙያ የተማርነው። አዲስ አበባ አየሩ ስስ ስለሆነ ችግራችን የተገላቢጦሽ ነበር፤ ቤንዚን ይበዛል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያሳልፈውን ባለቀዳዳ ቁራጭ፣ ጄቱን፣ ማሳነስ ነው። እዚህ ሐይቁ ላይ ከዜሮ በታች 20 ፋራናይት ሲሆን አየሩ ይከብዳል። ሞተሩ በአንድ ትንፋሽ የሚስበው አየር ስለሚበዛ ተጨማሪ ቤንዚን ይጠይቃል። መለስ ባለ ቀን የሚበቃ ጄት በዚያ ብርድ ያንሳል። ስለዚህ መጀመሪያ ጄቶቹን አየን። ቁጥራቸው ከፋብሪካው ሰንጠረዥ ጋር ይገጥማል። ቀዳዳቸው ንጹሕ ነው፤ ሽማግሌው ከበጋው በፊት ቤንዚኑን አራግፈው ነበር፣ ጎበዝ ናቸው። የዘይት ፓምፑም ከጥርጣሬ ወጣ፤ አንዱ ፓምፕ ሁለቱንም ሲሊንደር ነው የሚመግበው፣ ሌላው ሲሊንደር ደግሞ ጤነኛ ነው። ካርቡራተሩን ከሞተሩ የሚያገናኘውን ጎማ አጣጥፌ አየሁት። አልተሰነጠቀም።

የቀረው የታችኛው ቤት ነው። ቱ ስትሮክ ላይ የኮሎው፣ ፒስተኖቹ የሚያሽከረክሩት ዘንግ፣ ቤት ዝም ብሎ የብረት ሳጥን አይደለም፣ ይተነፍሳል። ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ አየርና ቤንዚን ወደ ውስጥ ይሳባል፤ ሲወርድ ያንኑ ወደ ላይ ይገፋል። ኮሎው ጫፍና ጫፍ ላይ ያሉት የጎማ ሲሎች ካረጁ ሞተሩ በዚያ በኩልም አየር ይስባል። ያ አየር በካርቡራተር አላለፈምና ቤንዚን የለውም። ኮምፕሬሽን መለኪያ ደግሞ ይህንን አያሳይህም። የሚለካው ከፒስተን በላይ ያለውን ብቻ ነው።

ለዚህ የሚሆን መሣሪያ ይሸጣል። እኛ ግን እንደ ተክለሃይማኖት ሠራነው። ያልተጎዳውን ፒስተንና የድሮውን ለጊዜው አስገብተን ሲሊንደሮቹን መለስን። መግቢያውንና ጭስ መውጫውን በጎማና በብረት ሳህን ደፈንን። ከዚያ ሽማግሌው ወደ ቤት ገብተው የሚስታቸውን የደም ግፊት መለኪያ ይዘው መጡ፤ በእጅ የሚጨመቀውን ዓይነት። 300 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ማለት 6 ፒኤስአይ (ሌላው የግፊት መለኪያ) ሊሞላ ምንም አይቀረው፤ ለዚህ ሥራ በቂ ነው። ከዚያ በላይ ብትሞላ ጤነኛውንም ሲል ከቦታው ትገፋዋለህ። ጨመቅን። መርፌው ወጣ። ደህና ሞተር ላይ ለደቂቃዎች መቆም ነበረበት፤ ዓይናችን እያየ ወረደ። የሳሙና ውሃ እየረጨን ዙሪያውን ፈለግን። ማግኔቱን ነቅለን ከኋላው ስንረጭ አረፋው ተግ ተግ እያለ ወጣ።

ሽማግሌው ምንም አላሉም። አሮጌውንና አዲሱን ፒስተን በየእጃቸው ይዘው ቆሙ።

አንዳንድ ሞተር ላይ ይህ ሲል ከውጭ ይወጣል። የኚህ ሰውዬ ግን ቤቱ ለሁለት ካልተከፈለ አይወጣም። ስለዚህ ሞተሩ በሙሉ ወረደ፣ ኮሎው ወጣ። ሁለቱንም ሲል ቀየርን፤ እዚያ ድረስ ገብተህ አንዱን ትቶ መውጣት ሞኝነት ነው። ኩሽኔታዎቹን አየን፣ ደህና ናቸው።

ሲሊንደሩ ሌላ ወሬ ነው። አገር ቤት ቢሆን ሲሊንደር የሚሞርድ ሬክቲፊካ ቤት ወስደህ ታስሰፋዋለህ፣ ትልቅ ፒስተን ታስገባለህ። ይህኛው ግን ውስጡ ኒካሲል የሚባል ስስ ልባስ ነው፤ እንደ ብረት ሲሊንደር ዝም ብለህ አታስሰፋውም። መጀመሪያ የተጎዳ መሰለኝ። ነገር ግን ግድግዳው ላይ ያለው ከፒስተኑ የተላጠ አልሙኒየም ነበር። ጓንት አድርገን፣ የጋራዡን በር ከፍተን፣ በጥጥ የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ቀባነው። አልሙኒየሙ እየፈላ ተነሳ። በደንብ አጠብነው። ከስር ልባሱ ደህና ሆኖ ወጣ። በሩ ተከፍቶ ስለነበር እኔ ግን ደርቄ ቀረሁ።

መግጠሙ ብዙም ወሬ የለውም። ፒስተኑ ላይ ያለው ፍላጻ ወደ ጭስ መውጫ፣ የፋሻው አፍ ትንሿ ካስማ ላይ፣ የቴስታታው ብሎኖች በመስቀለኛ እየተፈራረቁ በመለኪያ ቁልፍ። ከዚያ እንደገና የደም ግፊት መለኪያው። መርፌው ቆመ። የዘይት መስመሩን አየር አስወጣን፤ ለመጀመሪያው ታንክ ደግሞ ለጥንቃቄ ቤንዚኑ ውስጥም ዘይት ቀላቀልን። ሞቅ አድርገን አጠፋን፣ ሲቀዘቅዝ እንደገና አስነሳን። ሐይቁን ዞረውት ሲመለሱ ካንዴላዎቹን አወጣሁ። ሁለቱም ቡናማ።

«ስንት ልክፈልህ?» አሉኝ። ገንዘብ አልቀበልም አልኩ። የቀዘቀዘ ዎልአይ ዓሣ በከረጢት ሞልተው ሰጡኝ። ባለቤቴ በሚጥሚጣ ጠበሰችው፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ጋራዥ ነገር ተነጫንጫ አታውቅም።

ቁልፉንም ሰጡኝ፤ «እስቲ ንዳው» ብለው። ደስ ብሎኝ ልወጣ ስል «የተወለድከው መቼ ነው?» ብለው አስቆሙኝ። ሚኒሶታ ውስጥ ከዲሴምበር 31፣ 1976 በኋላ የተወለደ ነዋሪ የስኖውሞቢል ደህንነት ኮርስ ወስዶ ሰርተፊኬት ካልያዘ መንዳት አይችልም። ሽማግሌው በዕድሜያቸው ነፃ ናቸው። እኔ ኮሎውን አውጥቼ የመለስኩት ሰውዬ ከኋላ ተቀመጥኩ።

አሁን ኮርሱን ኦንላይን ጀምሬያለሁ። ልጄ ከኔ ቀድሞ ጨርሶታል።