ከጎርጎራ ወደ መገጭ አፍ፦ እምቦጭን በስልክ መመዝገብ

ከጎንደር ጎርጎራ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ያዩትን ተክልና እንስሳ በፎቶ የሚመዘግቡበትን፣ ሌሎችም ዝርያውን የሚለዩበትን የአይናቹራሊስትን መተግበሪያ ከመነሳታችን በፊት ጭነናል፤ ሐይቁ ላይ ኔትወርክ ባይኖርም ጂፒኤሱ ይሠራል፣ ፎቶውም መስመር ሲገኝ ይላካል።

ወሩ ጥቅምት ነው። ጣና ሞልቷል፣ እምቦጩም የተንሰራፋበት ጊዜ ነው። ከደቡብ አሜሪካ የመጣው ይህ አረም ኢትዮጵያ ውስጥ የታወቀው በ1965 እ.ኤ.አ. በቆቃና በአዋሽ ሲሆን፣ ጣና ላይ ደግሞ በ2011 እ.ኤ.አ. ነው።

በጀልባ ወደ ምሥራቅ፣ የመገጭ ወንዝ ወደ ሐይቁ ወደሚገባበት አቀናን። ሥሩ ፕሮፔለር ላይ ስለሚጠመጠም ሞተሩን አስቀድሞ ማጥፋትና በመቅዘፊያ መጠጋት ይሻላል። አንዱን ተክል አነሳነው። የቅጠሉ ዘንግ መሐሉ ላይ እንደ ሽንኩርት አብጧል፤ ሲሰነጠቅ ውስጡ ስፖንጅ ነው። አበባው ፈዛዛ ወይን ጠጅ ሆኖ፣ የላይኛው ቅጠሉ ላይ በሰማያዊ የተከበበ ቢጫ ነጥብ አለ። ሥሩ ጠቆር ያለ፣ ላባ የመሰለ ነው። ተጨናንቆ የበቀለው ግን ዘንጉ ይረዝምና እብጠቱ ይጠፋል፤ ብዙ መዝገብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ አበባውን ከፊት፣ ዘንጉን ከጎን፣ ውሃው ላይ የተነጠፈውን የአረም ምንጣፍ ከሩቅ፣ ሦስት ፎቶ ማንሳት ያስፈልጋል።

ነፋስ ምንጣፉን ይነዳዋል። ጠዋት እዚህ የተመዘገበው ማግስቱን ሌላ ዳር ቢመዘገብ ሁለት ወረራ ይመስላል። ጭቃው ላይ ሥር ሰዶ እንደሆነ ወይም እየተንሳፈፈ እንደሆነ ማስታወሻው ላይ ይጻፍ። የስልኩ ትክክለኛነት ከ10 ሜትር በታች እስኪወርድም መታገስ ነው።

ፎቶ፣ ቀንና ቦታ ያለው መዝገብ ቢያንስ ሁለት ሰዎች በዝርያው ስም ከተስማሙበት ለምርምር ብቁ ይባላል፤ ከለዩት ሰዎች ከሁለት ሦስተኛ በላይ መስማማት አለባቸው። ከዚያ የመዝገቡ የአጠቃቀም ፈቃድ ክፍት ከሆነ ወደ ጂቢአይኤፍ፣ ማለትም ወደ ዓለም አቀፉ የብዝኃ ሕይወት መረጃ ቋት ይተላለፋል፤ «መብቱ በሙሉ የተጠበቀ» የተባለው እዚያው ይቀራል። በጂቢአይኤፍ ስንፈልግ በሁለቱም የእምቦጭ ሳይንሳዊ ስሞች፣ አይኮርኒያ ክራሲፔስ በሚለውም፣ ፖንቴዴሪያ ክራሲፔስ በሚለውም እንፈልጋለን። የጎርጎራ ኬክሮስ 12፣ ኬንትሮስ 37 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ሁለቱን በእጁ ሲጽፍ ያቀያየረ ሰው እምቦጩን ሲሲሊና ቱኒዚያ መካከል ሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ያገኘዋል። አንድ ነገር አደራ፦ ካርታው ላይ ነጥብ የሌለበት ዳርቻ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም፤ ምናልባት የደረሰበት ሰው የለም።

ጎርጎራ ስንመለስ ፕሮፔለሩንና የጀልባውን ወለል ፈተሽን። አንዲት ቁራጭ ግንድ እንኳ እንደገና ታቆጠቁጣለች፣ ዘሩም ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። የተለቀመው ከውሃው ርቆ ፀሐይ ላይ ተሰጣ፤ መረቡም ታጥቦ ደረቀ።