ሽምብራ፣ ምች፣ ጥላና የታክሲ መስኮት

ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ጀበና ቡና በሚፈላበት አንድ በረንዳ ላይ፣ ከሥራ በኋላ የምንገናኝ ጥቂት ሰዎች አለን። ጡረታ የወጡ አንድ የፊዚክስ መምህር፣ ባንክ የሚሠራ ጎልማሳ፣ ነርስ የሆነች ሴት፣ እኔና አንዳንዴ በመካከላችን ተቀምጦ ቡናውን እስኪጨርስ የሚያዳምጥ መንገደኛ ነን። በኳስና በኑሮ ውድነት አንነታረክም ለማለት አልደፍርም፤ ሆኖም ረጅሙና የማይሰለቸው ክርክራችን የሚነሳው ከተራ ነገር ነው። ንፍሮ ለምን ቶሎ አይበስልም? ፀሐይ ሰውን ታሳምማለች ወይ? የታክሲ መስኮት ቢከፈት ብርድ ይመታል ወይስ አይመታም?

እንዲህ ያለ ጥያቄ በተነሳ ቁጥር ሁለት ወገን ወዲያው ይፈጠራል። አንደኛው «ይህ አጉል እምነት ነው» ይላል፤ ሁለተኛው «አባቶቻችን ሳያዩ አልተናገሩም» ብሎ ይመልሳል። ብዙ ጊዜ ስከታተለው የታዘብኩት፣ ሁለቱም ወገኖች አንዱን አባባል እንዳለ ይዘው እንደሚጓተቱ ነው። አባባሉ ግን ብዙውን ጊዜ ሁለት ነገር አዝሏል፤ አንዱ ሰዎች በዓይናቸው ያዩት ነው፣ ሌላው ላዩት ነገር የሰጡት ምክንያት ነው። ምክንያቱ ስቶ ያዩት እውነት ሊሆን ይችላል። እነዚህን ሁለቱን ሳይለዩ መከራከር ጉሮሮ ከማድረቅ በቀር የትም እንደማያደርስ ይበልጥ እያመንኩ ስለመጣሁ፣ ሰሞኑን የተነጋገርንባቸውን ነገሮች ጽፌ ማቆየት ፈለግሁ።

የሽምብራው ነገር ቀላል ነበር። የባንክ ሠራተኛው ትውልዱ ድሬዳዋ ነው፤ እናቱ አዲስ አበባ በመጡ ቁጥር «የዚህ አገር ውሃ ከባድ ነው፣ ንፍሮ አያበስልም» ይላሉ። እርሱ በእናቱ አባባል ሲስቅ፣ መምህሩ እናትየው ያዩት ትክክል መሆኑን አስረዱት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ነው፤ ስለዚህ ውሃ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይፈላል። ድሬዳዋ ወደ 1,200 ሜትር ዝቅ ስለምትል ውሃዋ 96 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ውሃ ከፈላ በኋላ እሳቱን ቢጨምሩበት ቶሎ ይተናል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም፤ ሽምብራው በቀዘቀዘ ፈላ ውስጥ ረጅም ሰዓት መቆየቱ ግድ ነው። እንፋሎቱን አፍኖ የሚይዘው ድስት ችግሩን የሚፈታውም ግፊቱን ከፍ አድርጎ ሙቀቱን ከ110 ዲግሪ በላይ ስለሚያደርሰው ነው። ካልሲየም የበዛበት ውሃ ጥራጥሬ እንዲዘገይ ማድረጉም አይካድም፤ ሆኖም በሁለቱ ከተሞች መካከል ላለው ልዩነት ከፍታው ራሱ በቂ ምክንያት ነው። በዚህ ተስማማን፤ ቡናም ተቀዳ።

ስለ ምች የተነሳው ግን እንዲህ በቀላሉ አላለቀም። የባንክ ሠራተኛው ከንፈሩ ጥግ ላይ ውሃ የቋጠረ ቁስል ይዞ መጥቶ ነበርና ቡና የምታፈላው እትዬ አይታው «ፀሐይ ላይ ውለሃል፣ ምች መትቶሃል» አለችው። ነርሷ የሄርፒስ ቫይረስ እንደሆነ ስትናገር፣ ሰውየው እፎይ እንዳለ ሆኖ «ሰማሽ? ፀሐይ ምንም አታደርግም!» አለ። ነርሷ ግን እንዲህ አላለችም ነበር። ቫይረሱ ብዙውን ጊዜ በልጅነት በምራቅ ንክኪ ይገባል፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው ዕድሜው ከ50 ዓመት በታች ከሆነው የዓለም ሕዝብ ሁለት ሦስተኛ የሚሆነው ይህንን ቫይረስ ተሸክሟል። ከገባ በኋላ የፊትን ስሜት በሚያስተላልፈው ነርቭ ሥር ተደብቆ ለዓመታት ይተኛል። ከእንቅልፉ ከሚቀሰቅሱት ነገሮች መካከል ትኩሳት፣ ድካምና ጭንቀት ይገኙበታል፤ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረርም ከእነዚሁ አንዱ መሆኑ በሕክምናው ዓለም የታወቀ ነው። እንግዲህ እትዬ በዓይኗ ያየችው፣ ማለትም ጠንካራ ፀሐይ ላይ የዋለ ሰው ከንፈሩ ላይ ቁስል እንደሚወጣበት፣ ልክ ነው። ፀሐይዋ በሽታውን ከውጭ አምጥታ አልጣለችበትም፤ ውስጡ የተኛውን ቀሰቀሰችበት እንጂ።

እርግጥ ነው፣ ምች በሚለው ስም ሥር ራስ ምታቱም፣ ትኩሳቱም፣ ማላቡም አብረው ስለሚጠሩ ሁሉንም ለአንድ ቫይረስ መስጠት አይቻልም። ለዚህ ሁሉ የሚታዘዘው ደግሞ ዳማከሴ ነው፤ ቅጠሉ ታሽቶ ይሸተታል፣ ገላ ይታሽበታል፣ ጭማቂው ቡና ላይ ጠብ ተደርጎ ይጠጣል። ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች የዳማከሴ ቅጠል ጭማቂ በአይጦች ላይ ትኩሳት እንደሚቀንስ አሳይተው በ2003 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አሳትመዋል። ይህ ለሰው መድኃኒትነቱ ተረጋገጠ ማለት አይደለም፤ «ቅጠል ብቻ ነው» ብሎ ለሚያጣጥል ሰው ግን ቆም የሚያሰኝ ነገር ነው። እኔ በበኩሌ ቅጠሉን ለመዓዛው ብቻ እንኳ ቢሆን እወደዋለሁ።

ከሁሉ የበለጠ ያስደሰተኝ ስለ ጥላ የተከራከርንበት ነው፤ ምክንያቱም በዚህኛው የሳተው የተማረው ወገን ነበር። የባንክ ሠራተኛው አገራችን ለምድር ወገብ ስለምትቀርብ በቀትር ፀሐይ ሁልጊዜ አናታችን ላይ እንደምትሆንና ሰው ጥላ እንደማይኖረው ተናገረ። ከትምህርት ቤት ይዞት የወጣው ነገር ነው፤ ብዙዎቻችንም ተቃውሞ አላሰማንም። ጀበናዋን ከእሳት ላይ ስታወርድ የሰማችው እትዬ ግን ሳቀች። «ታህሳስ ላይ በቀትር ፀሐይዋ በረንዳው ውስጥ ገብታ ወንበሮቹን ትመታለች፤ ግንቦት ሲሆን ከደጃፉ አታልፍም፣ የምትመታው የጓሮውን ግድግዳ ነው» አለች። በረንዳው ወደ ደቡብ ያያል። መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው ለጥቂት ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ «ልክ ነሽ» አሉና የሲኒውን ማስቀመጫ ወረቀት ገልብጠው ማስላት ጀመሩ።

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ወደ ሰሜን ርቃ ነው የምትገኘው። ፀሐይ ደግሞ በዓመት ውስጥ ከምድር ወገብ እስከ 23 ዲግሪ ተኩል ወደ ሰሜንም ወደ ደቡብም ትመላለሳለች። ስለዚህ በቀትር በትክክል አናታችን ላይ የምትውለው በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ አንዴ ወደ ሰሜን ስትሄድ በሚያዝያ 5 አካባቢ፣ ሌላ ጊዜ ስትመለስ በነሐሴ 24 አካባቢ። በእነዚህ ሁለት ቀኖች መካከል የቀትር ጥላችን ወደ ደቡብ ይወድቃል፤ በተቀረው ጊዜ ወደ ሰሜን ነው። በታህሳስ 12 ገደማ አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ እንጨት በቀትር 63 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ጥላ ወደ ሰሜን ይጥላል፤ በሰኔ 14 ገደማ ግን ጥላው ወደ ደቡብ ዞሮ 26 ሴንቲ ሜትር አይሞላም። እትዬ ይህንን ሁሉ ያወቀችው ወንበር ስታንቀሳቅስ ነው። ለስንት ዓመት እዚያው ተቀምጠን ስለ ፀሐይ ስንከራከር እርሷን የጠየቃት ሰው አልነበረም፤ ዲግሪና ሽበት ባለበት ቦታ ቡና የምታፈላ ሴት ስለ ሥነ ፈለክ ምስክር ትሆናለች ብሎ የሚያስብ ማን አለ?

ነሐሴ ደመና ስለሆነ ለመፈተን የሚመቸው ሚያዝያ ነው። ዘንድሮ ቀኑ ሲደርስ አጠገባችን ከሚሠራው ሕንፃ አንድ ግንበኛ ቱንቢውን አዋሰን፤ የመጥረጊያ እንጨት በቱንቢው ልክ ቀጥ አድርገን አቆምን። ልክ ስድስት ሰዓት ላይ ጥላው ገና አለ፤ በሜትር ቢሰላ 11 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ ነበር። የባንክ ሠራተኛው ስሌቱ ከሸፈ ብሎ ሊያፌዝ ሲል መምህሩ እጃቸውን አነሱ። ሰዓታችን የተለካው አዲስ አበባ ላይ ባለችው ፀሐይ አይደለም፤ በሶማሌ ክልል በኩል በሚያልፈው 45ኛው የምሥራቅ ኬንትሮስ ነው። ፀሐይ ከዚያ ተነስታ እኛ ዘንድ እስክትደርስ 25 ደቂቃ ያህል ይፈጅባታል። ስድስት ሰዓት ከሃያ አምስት ሲሆን ጥላው ከእንጨቱ ሥር ገብቶ ጠፋ። ግንበኛው ቱንቢውን መልሶ ሲወስድ፣ የእርሱም ዕቃ ለዚህ መዋሉ እንዳስደሰተው ፊቱ ላይ ይታይ ነበር።

የታክሲው መስኮት ግን እስካሁን አለየልንም። ማለዳ ሚኒባስ ተሳፍሮ መስኮት የከፈተ ሰው የሚደርስበትን የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ከኋላ «ዝጋው እባክህ፣ ብርድ ይመታናል» የሚል ድምፅ ይመጣል። ነርሷ በዚህ ነገር ትግል ይዛለች። ሳንባ ነቀርሳ በአየር እንደሚተላለፍ፣ ጉንፋን የሚያስይዙ የቫይረስ ዓይነቶች ከ200 በላይ እንደሆኑና ሁሉም የሚወዱት የታፈነ ቦታን እንደሆነ ደጋግማ ትናገራለች። በመጋቢት 2012 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን ከተገኘ በኋላ ታክሲዎች በግማሽ ሲጭኑና ሰው መስኮት ሲከፍት የነበረውን ታስታውሳለች፤ ያ ልማድ ከማስኩ ጋር አብሮ ጠፋ። መምህሩም በዚህ ከእርሷ ጋር ናቸው፤ «ብርድ በሽታ አይወልድም፣ አለቀ» ይላሉ።

«አለቀ» የሚለው ላይ ነው እኔ የምለየው። በ2005 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በብሪታንያ ካርዲፍ ዩኒቨርሲቲ የተደረገ ጥናት አለ። 90 ሰዎች ለ20 ደቂቃ እግራቸውን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነከሩ፤ ሌሎች 90 ሰዎች አልነከሩም። በቀጣዮቹ አራትና አምስት ቀናት ውስጥ ጉንፋን ያዘን ያሉት ከመጀመሪያዎቹ 13፣ ከሁለተኞቹ ደግሞ 5 ነበሩ። ይህንን ሳነሳ መምህሩ «አፍንጫቸው ውስጥ ቫይረስ ስለመኖሩ ተመርምሯል?» ብለው ጠየቁ። አልተመረመረም፤ የተቆጠረው ሰዎቹ ራሳቸው የተናገሩት የሕመም ስሜት ነው። ስለዚህ ብርድ ጉንፋን ይፈጥራል አያሰኝም፤ ነገር ግን ልክ እንደ ምች ሁሉ አስቀድሞ የገባውን ይቀሰቅስ ይሆን ብሎ ለመጠየቅ ያስችላል። መምህሩ ጥያቄውን ወደዱት፤ መልሱን ግን ገና አልተቀበሉም።

ይህ ክርክር ከሌሎቹ የሚከብደው በውስጡ የሰው ለሰው ነገር ስላለበት ይመስለኛል። ነፋስ የመታው ሰው ወዲያው ያውቃል፣ ወዲያውም ይናገራል፤ በታፈነ አየር በሽታ የተላለፈበት ሰው ግን ከየት እንዳገኘው ፈጽሞ አያውቅምና የሚከራከርለት የለም። በዚያ ላይ ዝጋ የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ የያዙ እናቶች ናቸው፤ ለእናት ስለ ቫይረስ እያስረዱ መስኮት እንደ ከፈቱ መሄድ ደግሞ በእኛ አገር ነውር ነው። «እማማ፣ ይቅርታ» ብሎ መዝጋት ይቀላል፤ እኔም ዘግቼ አውቃለሁ።

ነርሷ ያገኘችው ዘዴ ግን ከክርክሩ ሁሉ የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። መኪናው ሲንቀሳቀስ ነፋሱ የሚመታው መስኮቱ አጠገብ የተቀመጠውን ሳይሆን ከእርሱ ኋላ ያለውን ነው። ስለዚህ እርሷ የመጨረሻው ወንበር ላይ ቦታ ካገኘች የራሷን መስኮት ትከፍታለች፣ መሐል ከተቀመጠች ግን አትነካውም። እኔም ከዚህ ወዲህ ረዳቱ «ወደ ኋላ ጠጋ በሉ» ሲል ሳላንገራግር እጠጋለሁ።