ጀንጁ፣ ከጠዋት ሾርባ እስከ ማታ ቢራ

ጀንጁ ከደቡብ ኮሪያ ዋና ከተማ ከሴኡል በስተደቡብ ያለች ከተማ ናት። ከዮንግሳን ጣቢያ ኬቲኤክስ የተባለው ፈጣን ባቡር አንድ ሰዓት ተኩል አለፍ ብሎ ያደርሳል። በ1392 የጆሶንን ሥርወ መንግሥት የመሠረተው የዪ ቤተሰብ የዘር ሐረጉ ከዚህ ይመዘዛል፤ የመጀመሪያው ንጉሥ የቴጆ ሥዕል የሚከበርበት ግየንግጊጀን የተባለው መቅደስም በ1410 ተሠርቷል። በምዕራብ ሰፊው የሆናም የሩዝ ሜዳ ተዘርግቷል፣ ከሜዳው ወዲያ ባሕር አለ፣ በምሥራቅ ደግሞ ቅጠላ ቅጠልና እንጉዳይ የሚለቀምባቸው ተራሮች። ሦስቱም እዚህ ገበያ ላይ ስለሚገናኙ ኮሪያውያን ራሳቸው ለመብላት ብለው ይመጣሉ። ዩኔስኮም በ2012 በምግብ ጥበብ ከፈጠራ ከተሞቹ ዝርዝር ውስጥ አስገብቷታል።

እዚህ ጎብኚ በብዛት የሚሳሳተው በሰዓት ነው። ከባቡር ወርዶ በቀጥታ የድሮ ኮሪያ ቤቶች ወዳሉበት ሃኖክ መንደር ይሄዳል፣ በቴጆ ጎዳና ላይ በስንጥር የተጠበሰና በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ሲበላ ይውላል፣ የከተማዋ እውነተኛ ምግብ ቤቶች ሲከፈቱ ሆዱ ሞልቷል። የጀንጁ ምግብ እያንዳንዱ የራሱ ሰዓት አለው። (ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ በር ላይ 06:00 ተብሎ የተለጠፈው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነው።)

በጠዋት ናምቡ ገበያ ግቡ። ፑንግናምሙን ከተባለው የድሮ ከተማ በር በስተደቡብ፣ ወንዙ ዳር ነው። የሚበላው ኮንግናሙል ጉክባፕ፣ ማለትም የአኩሪ አተር ቡቃያና ሩዝ የገባበት ሾርባ ነው። አሠራሩ ሁለት ዓይነት ነው። በገበያው አሠራር ባለሙያዋ ቀደም ብሎ የበሰለና የበረደ ሩዝ ሳህን ላይ ታደርጋለች፣ የፈላ ሾርባ ትጨልፍበታለች፣ ታጠነፍፈዋለች፣ እንደገና ትጨልፍበታለች። ሩዙ ፍሬ በፍሬ ይሞቃል እንጂ አብሮ አይፈላም፤ ስለዚህ አይሟሟም፣ ሾርባውም አይወፍርም። የሚቀርበው ወዲያው በሚበላበት ሙቀት ስለሆነ በረደ ብላችሁ አትመልሱት። ሁለተኛው አሠራር በሸክላ ድስት እየተንተከተከ፣ እንቁላሉ ውስጡ ገብቶ የሚመጣው ነው። ለመጀመሪያው በገበያው ውስጥ ህየንዴኦክ አለ፤ ለሁለተኛው ከ1947 ጀምሮ የሚሠራው ሳምቤክጂፕ። እኔ የገበያውን እመርጣለሁ፤ የቡቃያው ቀርጨም ቀርጨም ማለት እስከ መጨረሻው ማንኪያ ይቆያል። በሚፈላ ድስት ውስጥ ግን ቶሎ ይልፈሰፈሳል።

በገበያው አሠራር ከጎን በትንሽ የብረት ሳህን በደንብ ያልረጋ እንቁላል ይቀርባል። ብዙ ሰው አንስቶ ሾርባው ውስጥ ይገለብጠዋል፣ ጥርት ያለው ሾርባም ይደፈርሳል። ይልቅ ሦስት አራት ማንኪያ ትኩስ ሾርባ እንቁላሉ ላይ አድርጉ፣ ጊም የሚሉትን ስስ የባሕር ቅጠል ቀዳዳችሁ ጨምሩበት፣ አማስሉና ከሁሉ በፊት እሱን ጨርሱ። ጠረጴዛው ላይ ያለው በጨው የታሸ ትንንሽ ሽሪምፕ ለማጣፈጫ ነው፤ ሾርባውን ሳትቀምሱ አትጨምሩ፣ አንድ ማንኪያ እንኳ ጨው ሊያበዛበት ይችላል። ዋጋው ብዙውን ጊዜ ከ10 ሺህ ዎን አይበልጥም። አብሮ ሞጁ እዘዙ፦ ማክገሊ የተባለው የሩዝ ጠጅ ከዝንጅብል፣ ከቀረፋና ከደረቁ ፍሬዎች ጋር ለረጅም ጊዜ የተፈላ ነው። አልኮሉ ተንኖ ከ2 በመቶ በታች ስለሚቀር በጠዋት ቢጠጣም አያሰክርም። የገበያው ቤቶች ከቀኑ 8 ሰዓት አካባቢ ስለሚዘጉ ይህን ለኋላ ብላችሁ አታቆዩት።

ለምሳ ቢቢምባፕ፣ ማለትም ሩዝ ከአትክልትና ከሥጋ ጋር የሚዋሐድበት ምግብ። የጀንጁው ቢቢምባፕ ከሌላው የሚለየው በሩዙ ነው፤ በባህሉ የሚቀቀለው በበሬ አጥንት መረቅ ስለሆነ ፍሬው ቅባት ለብሶ አንዱ ካንዱ ሳይጣበቅ ይወጣል። ከላይ የአኩሪ አተር ቡቃያ፣ ቢጫ ቀለም የተሰጠው የማሾ ጄሊ፣ የተለያየ ጎመንና እንጉዳይ፣ የእንቁላል አስኳል፣ ዩክኌ የሚባል የተከተፈ ጥሬ የበሬ ሥጋ፣ ከዚያ ጎቹጃንግ የተባለው የተብላላ የበርበሬ ድልህና የሰሊጥ ዘይት። የሚቀርበው በሞቀ የነሐስ ሳህን ነው፤ ጠርዙ ያቃጥላል። በማንኪያ አትደፍጥጡት፣ ሩዙ ይላቁጣል። በቾፕስቲክ ከሥር ወደ ላይ እያነሣችሁ አዋሕዱ። ድልሁ ለብቻው ከመጣ መጀመሪያ ግማሹን ብቻ፤ ከበዛ የሌላው ሁሉ ጣዕም ይጠፋል።

ከ1952 ጀምሮ የቆየው ሃንጉክጂፕ ከግየንግጊጀን በእግር የሚደረስ ነው። መሐል ከተማ ያለው ሰንግሚዳንግ ደግሞ ሩዙን አስቀድሞ በድልህ ለውሶ ያቀርባል፣ ማዋሐድ ላልለመደ ሰው ይሄ ይቀለዋል። ዋጋው ከ12 እስከ 17 ሺህ ዎን ገደማ ነው፤ ሴኡል ከሚበላው ውድ ነው፣ ግን የጎን ሳህኖቹን ስትቆጥሩ አይቆጭም። ብዙ ቤቶች ከ9 እስከ 11 ሰዓት ለእረፍት ስለሚዘጉ ከ8 ሰዓት በፊት ተቀመጡ።

ለጾመኛ አንባቢ ማለት ያለብኝ አለ። «ጎጊ ጴ ጁሴዮ» ብትሉ ሥጋውን ያወጡላችኋል፤ «ጌራን ጴ ጁሴዮ» ብትሉ እንቁላሉን። መረቁ ግን ሩዙ ውስጥ ነው፤ ድልሁም አንዳንድ ቦታ ከሥጋ ጋር ይጠበሳል። ኪምቺው (የተብላላው ጎመን) በአብዛኛው በጨው የታሸ ሽሪምፕ ወይም ዓሣ አለበት፣ የጠዋቱ ሾርባም ከደረቁ ትንንሽ ዓሦች ይወጣል፣ ስኩዊድም ይከተትበታል። ዓሣንም ጭምር ለሚጾም ሰው የሚቀረው ነጭ ሩዝ፣ ቶፉና በሰሊጥ ዘይት የታሸ ጎመን ነው። በናምቡ ገበያ ረጅም ሰልፍ የሚታየው ፒ ሱንዴ ደግሞ በአሳማ ደም የተሞላ አንጀት ነው። ሰልፍ አየሁ ብላችሁ ብቻ አትግቡ፤ በሃይማኖታችሁ አሳማና ደም የማትበሉ ከሆነ ከሩቁ እለፉት።

በሃኖክ መንደር ውስጥ ለመክሰስ ከ1951 ጀምሮ የሚሠራው የፒኤንቢ ዳቦ ቤት ቾኮፓይ ይበቃል፤ ጃምና ክሬም ያለበት፣ በእጅ የሚሠራ ነው። ብቻውን ለሚጓዝ ደግሞ በ1977 የተከፈተው ቬተራን የተባለው ምግብ ቤት በቢላ የተቆረጠ ኑድሉን ለአንድ ሰው ሳያጉረመርም ያቀርባል።

ከ11 ሰዓት በኋላ ታክሲ ያዙና ወደ ሳምቸን ዶንግ ወይም ሰሺን ዶንግ ሰፈር ሂዱ፤ ከመንደሩ ሩብ ሰዓት አካባቢ ነው። እዚያ ማክገሊ የሚታዘዘው በጠርሙስ አይደለም፣ በማንቆርቆሪያ ነው። አንዱ ማንቆርቆሪያ 750 ሚሊሊትር የሚይዙ ሦስት ጠርሙሶች ያህል ይይዛል፤ ከእሱ ጋር ጠረጴዛው በሳህን ይሞላል፦ የተጠበሰ ዓሣ፣ በአኩሪ አተር ሶስ የተዘፈዘፈ ጥሬ ሸርጣን፣ ቂጣ፣ ቶፉ። በድሮው ልማድ ማንቆርቆሪያ በጨመራችሁ ቁጥር የሚመጣው ምግብ እየተሻለ ይሄዳል። አሁን ግን ብዙ ቤቶች በሰው ቁጥር የተተመነ ገበታ ስላላቸው ግድግዳው ላይ ያለውን ዋጋ ሳታነቡ አትቀመጡ። ለአንድ ሰው የሚያቀርብ ቤት እምብዛም አይገኝም፤ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ሂዱ፣ ምሳችሁንም አቅልሉ።

ማክገሊ 6 በመቶ ገደማ አልኮል አለው፤ አንጎል ውስጥ የሚገባው ግን ሳይታወቅ ነው፣ ጣፋጭ ስለሆነ። ከላይ የጠለለውን ብቻ የሚሸጡ ቤቶች አሉ፤ ሆድ አይነፋም፣ አፍ ላይ ይቀላል፣ እኔ እሱን ነው የምመክረው። ድፍርሱ ጠገብ ያደርጋል፤ ከዚያ ሁሉ ሳህን ጋር ሲሆን ደግሞ ግማሹ ምግብ ይመለሳል። ከሳህኖቹ መካከል አፍንጫ የሚሰብር የአሞንያ ሽታ ያለው ዓሣ ከመጣ አልተበላሸም፤ ሆን ተብሎ የተብላላ ሆንግአ ነው። አብሮት የሚደረደረው ሥጋ አሳማ መሆኑን ልብ በሉ።

ለማታው ጋሜክ አለ፣ ይሄ የጀንጁ ብቻ ልማድ ነው ማለት ይቻላል፦ ሱቅ ሆኖ ጥቂት ጠረጴዛ ዘርግቶ ቢራ በርካሽ የሚሸጥ ቤት። ከመንደሩ በስተሰሜን አሥር ደቂቃ በእግር የሚያስኬደው ጀኒል ጋቦ በጣም የታወቀው ነው። የሚታዘዘው ኋንግቴ ነው፤ በክረምት ተራራ ላይ ተሰቅሎ ሌሊት እየበረደ ቀን እየቀለጠ የደረቀ ፖሎክ ዓሣ። እንዲህ ስለሚደርቅ ሥጋው ይነፋል፤ በመዶሻ ተቀጥቅጦ በከሰል ሲጠበስ ላዩ ይንኮሻኮሻል፣ ውስጡ ለስላሳ ይሆናል። በአኩሪ አተር ሶስ፣ በማዮኔዝና በሚያቃጥል ቃሪያ እያጠቀሱ ይበሉታል። ዓርብና ቅዳሜ ማታ ወረፋው መንገድ ላይ ይወጣል፤ ከ12 ሰዓት በፊት ከደረሳችሁ ቦታ አታጡም። ቢራውን ራሳችሁ ከፍሪጅ ታወጣላችሁ፣ ባዶውን ጠርሙስ ከጠረጴዛው አታንሡ፤ ሒሳቡ የሚሠራው ጠርሙሱ ተቆጥሮ ነው። ለአስተናጋጅ ጉርሻ (ቲፕ) አይሰጥም።