ጫፉ ቀና ሲል፦ ሦስተኛው ዓመቴ በረዶ ላይ

ባለፈው ዓመት በረዶ የሠራ ሐይቅ ላይ ቀዳዳ ከፍቶ አሳ ለማጥመድ ስለሚያገለግለው መሰርሰሪያ ካካፈልኳችሁ በኋላ "የማጥመጃ ዘንጉንስ የቱን ልግዛ?" ያላችሁኝ ብዙ ነበራችሁ። ዝም ያልኩት ኮርቼ እንዳይመስላችሁ፤ የምለው ስላልነበረኝ ነው። እስካሁን አንዱን ያለቦታው ገዝቼ፣ አንዱን ለማይሆን ሥራ ወስጄ፣ አንዱን ሰብሬ ትንሽ ገብቶኛል።

ለአዲሶቻችሁ፦ የምኖረው ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ነው። ብዙ ጊዜ የምሄደው ቅርቤ ወዳለው ፌለን ሐይቅ ነው። ያደግኩት ደግሞ ሐዋሳ። አሞራ ገደል አካባቢ ናይሎን ክር ጣታችን ላይ ጠምጥመን ቆሮሶ ስናወጣ ዘንግ የሚባል ነገር ትዝም አይለን። ዘንጋችን ጣታችን ነበር። አሳው ገና ትሉን ሲነካካው ሌባ ጣታችን ይሰማል፤ ከዚያ መንጨቅ ነው። እዚህ ብርዱ ከዜሮ በታች 20 ሲገባ ያ ጣት ድርብ ጓንት ውስጥ ነው። ጓንቱን ብታወልቁትም አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ጣቱ የናንተ መሆኑን ይረሳል። የጣትን ሥራ ሌላ ነገር መሥራት እንዳለበት ስላልገባኝ ነው የመጀመሪያውን ዓመት በከንቱ የጨረስኩት።

የመጀመሪያውን ዘንግ የገዛሁት "ጠንካራው የቱ ነው?" ብዬ ነው። ሻጩም የጠየቅኩትን ሰጠኝ፤ አልፈርድበትም። 28 ኢንች ርዝመት፣ ጥንካሬው "ሚዲየም" የተባለ፣ 8 ፓውንድ የሚችል ክር ያለው። (የበረዶ ዘንግ አጭር ነው። ቁጭ ብላችሁ እግራችሁ ሥር ካለ ቀዳዳ ስለምታጠምዱ ከ24 እስከ 36 ኢንች ይበቃል።) ቅዳሜን ሙሉ ቀዳዳው ላይ አፍጥጬ ዋልኩ። ጫፉ ንቅንቅ አላለም። ግን ክሩን በሳብኩት ቁጥር ትሉ ቆዳው ብቻ ቀርቶ ይመጣል። እታች ድግስ ነው፤ እኔ ለካ አስተናጋጅ ሆኜ ተቀጥሬያለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በረዶው ሥር ያለው ውኃ ከላይ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ፣ ወደ ታች ሲወርዱ ደግሞ 4 ዲግሪ ገደማ ነው። አሳ ደግሞ ሙቀቱ የውኃው ሙቀት ስለሆነ ክረምት ላይ ይደነዝዛል፤ ሩጫም ግፊያም የለም። ብሉጊል የሚሉት ክብ አሳ እንዲያውም አይነክስም ማለት ይቻላል፦ አፉን ከፍቶ ውኃውን ከነትሉ ይመጥጣል፣ ካልጣመው መልሶ ይተፋዋል። ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ አልቋል። ለትልቅ አሳ የተሠራ ዘንግ ይህን ከቁም ነገር አይቆጥረውም።

ያወጡኝ ከጎኔ የተቀመጡ አንድ የሞንግ ሽማግሌ ናቸው። (ሞንጎች ከላኦስ የመጡ ናቸው፤ ሴንት ፖል በብዛት ይኖራሉ፣ አሳ ላይ የሚያህላቸው የለም።) እሳቸው ባልዲያቸውን እየሞሉ ነው። የሳቸውም እንግሊዝኛ እንደኔው ስለሆነ ብዙ አላወራንም። መጡ፣ ዘንጌን ተቀበሉኝ፣ ጂጉን፣ ማለት ራሱ ላይ ክብደት ያለውን መንጠቆ፣ አየር ላይ አንጠለጠሉትና ጫፉን በጣታቸው አሳዩኝ። ቀጥ ብሏል። ከዚያ የራሳቸውን አነሡ። ጫፉ ላይ ቀጭን የብረት ሽቦ ታስሯል፤ የጂጉ ክብደት ብቻውን ሽቦውን ጎንበስ አድርጎታል። ወደ ቀዳዳው ለቀቁት። ሁለታችንም ዝም ብለን አየን። ትንሽ ቆይቶ ያ ያጎነበሰ ጫፍ ቀስ ብሎ ቀና አለ። ወደ ታች አልተሳበም፣ ቀና አለ! ሽማግሌው ነጠቅ አደረጉት፤ መዳፍ የምትበልጥ፣ ክራፒ የምትባል አሳ።

እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የማውቀው አሳ ወደ ታች ሲጎትት ነው። ክራፒ ግን የበላዩን እያየ ነው የሚያድነው። ከሥር ይመጣና ጂጉን አፉ ውስጥ ይዞ ከፍ ይላል፣ ክብደቱም ከክሩ ላይ ይነሣል። እንግዲህ አስቡት፦ ቀድሞውኑ ቀጥ ያለ ጫፍ ከዚህ ወዲያ ምን ቀና የሚልበት አለው? ስለዚህ "ስስ ጫፍ" ማለት ዝም ብሎ ቀጭን ጫፍ ማለት አይደለም። እናንተ በምትጠቀሙበት ጂግ ክብደት ትንሽ ያጎነበሰ ጫፍ ማለት ነው። ሲጎትት ዝቅ፣ ሲያነሣ ቀና፤ ሁለቱንም ይናገራል።

ይህን ከተማርኩ በኋላ እንደ ማንኛውም ጀማሪ ወዲያ ማዶ ወደቅኩ። በሁለተኛው ዓመት ከሁሉ የለሰለሰውን፣ ፈረንጆቹ ራሳቸው በፓስታ ስም የሚጠሩትን ፋይበርግላስ ዘንግ ገዛሁ። ፌለን ላይ ሠራልኝ፤ በገና ጾም ቤታችን ለብለብ አልጠፋም። ጠገብኩና ያንኑ ይዤ ከልጆች ጋር ሚል ላክስ የሚባል ሐይቅ ዋልአይ የሚሉትን አሳ ለማጥመድ ሄድኩ። እዚያ ጂጉ ከባድ ነው። ዘንጉ ገና ምንም ሳይነካው እስከ መሃሉ ታጠፈ፤ የታጠፈ ነገር ደግሞ ዜና አያመጣም። አንድ ዋልአይ እንደያዘ የገባኝ ክሩ ወደ ጎን ሲሄድ ነው። ብድግ ብዬ ነጨቅኩት፤ ጉልበቴ በሙሉ ዘንጉ ውስጥ ቀረ፣ መንጠቆው ጋ አልደረሰም። ሄደ። ልጆቹ አሁንም ያነሡብኛል።

ሦስተኛውን ስገዛ 4 ሚሊሜትር፣ ተንግስተን ከሚባለው ብረት የተሠራ ጂጌን ኪሴ ውስጥ ይዤ ሱቅ ገባሁ። አስፈቅጄ በቁራጭ ክር ጫፉ ቀለበት ላይ አንጠለጠልኩትና አንድ በአንድ ሞከርኩ። ቀጥ ካለ አለፍኩት። ግማሹ ከታጠፈም አለፍኩት። የመጨረሻዋ አንድ ስንዝር ብቻ ጎንበስ ያለችለትን አገኘሁ። ከዚያ ክሩን በእጄ ቀስ ብዬ ሳብኩ፦ መታጠፉ እየወረደ መጥቶ መሃል ላይ መቆም አለበት። እጀታው ጋ ያለው ካልጠነከረ መንጠቆ አያስይዝም። የካርቦን ዘንግ የተሻለ አይደለም ወይ ለምትሉ፣ ካርቦን ንዝረትን ወደ እጅ ያመጣል፤ እጅ ለሚሰማው ሰው ጥሩ ነው። እኔ የማጠምደው በዓይኔ ነው፣ ስለዚህ ወገቡ ካርቦን ጫፉ ፋይበርግላስ የሆነውን መረጥኩ። ገንዘብ ማውጣት የማትፈልጉ፣ ያንን የሽማግሌውን ሽቦ ጥቂት ዶላር ከፍላችሁ ያላችሁ ዘንግ ላይ እሰሩት። ያለማጋነን ግማሹን መንገድ ያደርሳችኋል። ንፋስ ላይ ግን ያሳብዳል፤ ድንኳን ከሌላችሁ ዘንጉን ወደ ቀዳዳው ዝቅ አድርጋችሁ ጀርባችሁን ለንፋሱ ስጡ።

አሁን ሳምንታት ያቃጠለብኝን ልንገራችሁ። አዲሱ ዘንግ መጀመሪያ ላይ ምንም አልነገረኝም። ጫፉን ሳማርር ጥፋቱ የክሩ ሆኖ ተገኘ። ሪል፣ ማለት የክሩ መጠቅለያ፣ ላይ የከረመ ክር ብርድ ሲነካው እንደ ድሮ የቤት ስልክ ገመድ ይጠቀለላል፤ ቀላል ጂግ ደግሞ ሊዘረጋው አይችልም። አሳው ሲነካ ጥቅልሉ ይፈታል እንጂ ጫፉ ጋ የሚደርስ ነገር የለም። አሁን ጠዋት ከመጀመሬ በፊት አሥር ሜትር ያህሉን አውጥቼ በእጄ ወጠር ወጠር አደርገዋለሁ። ክሬንም ወደ 3 ፓውንድ አወረድኩ። ተንግስተኑም የጠቀመኝ እዚህ ላይ ነው፦ ከእርሳስ በጣም ስለሚከብድ ትንሽ ሆኖም ክሩን ቀጥ አድርጎ ይይዛል።

የሰበርኩትስ? እሱን የመኪና በር ነው የበላው። ስስ ጫፍ የሚሰበርበት ሌላው መንገድ ቀለበቶቹ ላይ የጋገረውን በረዶ በጥፍር ስታነሡ ነው። ውኃው ውስጥ ነከር አድርጉት፣ ራሱ ይለቃል። ቀለበቶቹ ሰፋ ያሉትን ምረጡ፣ የጠበቡት ቶሎ ይደፈናሉ።

ስለ ዘንግ እያወራን ሕይወት እንዳንረሳ፦ በእግር ለመሄድ ቢያንስ 4 ኢንች አዲስ ጥርት ያለ በረዶ ያስፈልጋል፤ ነጭ ከሆነ እጥፉን። እየለካችሁ ሂዱ። ፈቃድ አውጡ። እዚህ በረዶ ላይ ለአንድ ሰው ሁለት ክር ይፈቀዳል፤ እኔ ግን አንዱን በትክክል ማየት ሳልችል ሁለተኛውን አልጥልም።

ባለፈው ቅዳሜ ስምንት ዓመት የሞላትን ልጄን ይዣት ሄድኩ። ዘንጉን ሰጥቻት ሻይ ከፔርሙሱ ስቀዳ "አባዬ፣ ቀና አለ!" አለች። ዞር ብዬ ሳይ ለኔ ምንም አልታየኝም። "ንፋስ ነው" አልኳት። አልሰማችኝም፣ ነጠቅ አደረገችው። ክራፒዋን ለክተናታል፣ 11 ኢንች። ዘንጉ የሷ ሆኗል። እኔ ነገ ከሥራ መልስ ሱቅ እገባለሁ፤ 4 ሚሊሜትሯ ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ናት።